ጥማዱም ኩንታሉም ሲሳሳት፦ የልኬት ስህተትን የሚያርም ሶፍትዌር ፍለጋ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ክረምቱን ሙሉ የሚታየው በቆሎ ነው። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ በአማራ ክልል በቆሎ በብዛት ከሚመረትባቸው ወረዳዎች ይቆጠራሉ፤ በርበሬውም፣ ጤፉም፣ ዳጉሳውም የየራሱ ማሳ አለው። በዚህ አገር አንድ መረጃ ሰብሳቢ ቅጹን ይዞ ደጅ ሲቆም የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። «አባባ፣ የበቆሎ ማሳዎ ምን ያህል ነው?» «ሦስት ጥማድ ይሆናል።» «ዘንድሮ ስንት አገቡ?» «እንግዲህ እሸቱ ሳይቆጠር ሃያ አምስት ጆንያ ገደማ።» «ማዳበሪያስ?» «ሁለት ኩንታል ወስጄ ትንሹን ለበርበሬው አድርጌዋለሁ።»

ከሦስቱ መልሶች አንዱም ውሸት የለበትም። ትክክለኛ ቁጥር የሆነ ግን አንድም የለም። «ይሆናል»፣ «ገደማ» እና «ትንሹን» የሚሉት ቃላት ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌላቸው እዚያው ደጃፍ ላይ ይቀራሉ፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው 3፣ 25 እና 2 ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ከዚያ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ዞን፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፕ ይሄዳሉ። ተማሪው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን ከፍቶ «አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሲጨመር ምርቱ በስንት ኩንታል ይጨምራል?» ብሎ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ በነጥቦቹ መካከል መስመር አስምሮ መልስ ይሰጣል። ይህ ስሌት ሪግሬሽን ይባላል። የተለመደው ሪግሬሽን አንድ ነገር ሳይናገር ታሳቢ ያደርጋል፦ በአግድሙ ዘንግ ላይ ያለው ቁጥር፣ ማለትም ማዳበሪያው ወይም የመሬቱ ስፋት፣ ያለ አንዳች ስህተት ተለክቷል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ታሳቢ እንደማይሠራ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ታሳቢው ሲፈርስ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ፣ የሚያርመው ሶፍትዌር የት እንዳለ ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ ከተጠቃሚው ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው።

ስህተቱ ወዴት ያዘነብላል?

ብዙ ሰው «መረጃው ከበዛ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ አንዱ አብዝቶ ሲናገር ሌላው ያሳንሳል» ብሎ ያምናል። ለምርቱ፣ ማለትም በቋሚው ዘንግ ላይ ለሚቀመጠው ቁጥር፣ ነገሩ እውነትነት አለው። ስህተቱ በዘፈቀደ እስከሆነ ድረስ መስመሩን ያደበዝዘዋል እንጂ አያጣምመውም። በአግድሙ ዘንግ ላይ ያለ ስህተት ግን እንዲህ አይደለም። አይጣፋም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ መንደር ውስጥ አብዛኛው ሰው በሄክታር አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ማዳበሪያ ይጠቀማል እንበል። «ሦስት ኩንታል» ብለው ከተመዘገቡት ውስጥ በእውነት ሦስት የተጠቀሙ አሉ፤ ሁለት ተኩል ተጠቅመው ቁጥሩ የናረባቸውም አሉ። «ግማሽ ኩንታል» ከተባሉት ውስጥ ደግሞ በእውነት አንድ የተጠቀሙ ይገኛሉ። ስለዚህ በቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነተኛው ይልቅ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። ምርቱ ግን የሚከተለው እውነተኛውን ማዳበሪያ እንጂ ቅጹን አይደለም። ነጥቦቹ ወደ ጎን ሲለጠጡ መስመሩ ይተኛል። ማዳበሪያ ከሚሰጠው ጥቅም ያነሰ ጥቅም ያለው ይመስላል።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ነው። እውነቱ «አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሲጨመር ምርት በ8 ኩንታል ይጨምራል» ቢሆን፣ በቅጹ ላይ ከሚታየው የማዳበሪያ ልዩነት ሦስት አራተኛው እውነተኛ፣ አንድ አራተኛው የልኬት ስህተት ቢሆን፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው 8 ሳይሆን 6 ነው። አንድ መቶ ቤተሰብም ተጠየቀ አንድ መቶ ሺህ፣ መልሱ 6 ነው። መረጃው በበዛ ቁጥር ተመራማሪው በተሳሳተው ቁጥር ላይ ያለው መተማመን ብቻ ይጨምራል። ይህን የሦስት አራተኛ ድርሻ ባለሙያዎች የታማኝነት መጠን ይሉታል፤ 0.75 ተብሎ ይጻፋል። ከታወቀ እርማቱ ቀላል ማካፈል ነው፦ 6 ለ0.75 ሲካፈል 8።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት አድኮክ በሁለቱም ዘንግ ላይ ስህተት ሲኖር መስመር እንዴት እንደሚሰመር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። እንግሊዛዊው ቻርለስ ስፒርማን በ1904 የዝምድናን መዳከም ማስተካከያ ቀመር አወጣ። ኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽ በ1934፣ በኋላ በጃፓን ኢንዱስትሪ ታሪክ ስሙ የገነነው ኤድዋርድስ ዴሚንግ ደግሞ በ1943 ጉዳዩን በየመጽሐፋቸው አብራሩት። ዌይን ፉለር በ1987 ያሳተመው ስለ ልኬት ስህተት ሞዴሎች የሚያትት መጽሐፍ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ነው። ዕውቀቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሳለ አብዛኛው ተማሪ አንድም ቀን ሳይሰማው ይመረቃል፤ ሶፍትዌሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያገኘው ቁልፍ የተለመደውን ሪግሬሽን የሚሠራው ነውና።

ትንሽ ማሳ ለምን የተሻለ ያመርታል ተባለ?

የልኬት ስህተት አገራዊ ክርክርን ምን ያህል ሊያስት እንደሚችል ከኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ሕንድ እርሻ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ካነሳው ጊዜ ጀምሮ የልማት ኢኮኖሚስቶች አንድ እንቆቅልሽ ሲያከራክራቸው ኖሯል፦ ትንሽ መሬት በሄክታር ሲሰላ ከትልቅ መሬት የበለጠ ያመርታል። ውጤቱ በእስያም በአፍሪካም በተደጋጋሚ ታየ። እውነት ከሆነ ለመሬት ፖሊሲ ያለው ትርጉም ከባድ ነው። መሬትን ከማዋሐድ ይልቅ መከፋፈል፣ ከሰፋፊ እርሻ ይልቅ አነስተኛውን አርሶ አደር መደገፍ ያዋጣል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ዝምድና ልኬት ብቻውን ሊፈጥረው እንደሚችል በሁለት ማሳ ማሳየት ይቻላል። ሁለቱም በትክክል ሩብ ሄክታር ናቸው፤ ሁለቱም 10 ኩንታል በቆሎ ሰጥተዋል፤ የሁለቱም እውነተኛ ምርታማነት በሄክታር 40 ኩንታል ነው። የአንዱ ባለቤት ማሳውን አሳንሶ 0.20 ሄክታር ቢል ስሌቱ 50 ኩንታል ይሆናል። ሌላው አብዝቶ 0.30 ቢል 33 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ «ትንሹ» ማሳ «ትልቁን» በ17 ኩንታል በልጦ ቁጭ አለ። መሬቱ ላይ ግን ምንም ልዩነት የለም። ስፋቱ አንድ ጊዜ በአግድሙ ዘንግ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በማካፈያነት ሁለት ጊዜ ስለገባ ስህተቱም ሁለት ጊዜ ገብቷል።

የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011/12 የጀመረው የቤተሰብ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ለዚህ ክርክር ያልተለመደ ዕድል ከፈተ። የመሬት ስፋት በአርሶ አደሩ ግምት ብቻ ሳይሆን በጂፒኤስም ተለካ። ምርቱም በባለቤቱ ግምትና ከማሳው ላይ ናሙና አጭዶ በመመዘን ተመዘገበ። ሳም ዴዚየርና ዲን ጆሊፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናታቸው ይህንን መረጃ ተጠቅመው ሁለቱን የምርት ቁጥሮች አነጻጸሩ። በአርሶ አደሮቹ ግምት ሲሰላ ትንሹ ማሳ ጎልቶ ይበልጣል። ታጭዶ በተመዘነው ሲሰላ ብልጫው ጠፋ። የትንሽ ማሳ ባለቤት ምርቱን አብዝቶ፣ የትልቁ ባለቤት አሳንሶ ይገምታል የሚል ማብራሪያ ሰጡ።

ከዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ክብሮም አባይ፣ ጋሻው አባተ፣ ክሪስቶፈር ባሬትና ታንጊ በርናር በኢትዮጵያ መረጃ ላይ ተመሥርተው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። የስፋቱ ስህተትና የምርቱ ስህተት ተያይዘው እንደሚሄዱ አሳዩ፤ መሬቱን አብዝቶ የሚናገር ምርቱንም አብዝቶ ይናገራል። ከዚህ የተነሣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማረም ውጤቱን ማሻሻሉ ቀርቶ ሊያባብሰው ይችላል። ስፋቱን በጂፒኤስ ለክቶ ምርቱን በግምት መተው ሁለቱንም በግምት ከመተው የከፋ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ጂፒኤስ ይዞ ወደ ገጠር የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ውጤት ሊያውቀው ይገባል።

ገመዱና ሚዛኑ

የስህተቱ ምንጭ የሚገባው ከቅርብ ሆኖ ላየው ነው። ጥማድ በሬ ጠምዶ በአንድ ቀን ከሚታረስ መሬት የተነሣ መለኪያ ነው። አራቱ አንድ ሄክታር ይሞላሉ ተብሎ ይታሰባል፤ በጎጃም የሚነገረው ቃዳም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ዋልካ መሬትና ቀይ አፈር፣ ተዳፋትና ሜዳ፣ ጠንካራ በሬና የከሳ በሬ በአንድ ቀን እኩል አይታረስባቸውም። በዚያ ላይ ሰው ሲገምት ወደ ሙሉ፣ ወደ ግማሽና ወደ ሩብ ያጠጋጋል፤ «ጥማድ ከስድስት አሥረኛ» የሚል የለም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት ኮምፓስና ገመድ ነው። በማሳው ማዕዘን ሁሉ ችካል ይተከላል። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይይዛል፤ ሌላው ወደ ቀጣዩ ችካል እየሄደ ርዝመቱን ይነግራል፤ መረጃ ሰብሳቢው በኮምፓስ አቅጣጫውን አንብቦ ይጽፋል። ዙሪያው አልቆ ወደ መጀመሪያው ችካል ሲደረስ የተጻፈው ቅርጽ በወረቀት ላይ መግጠም አለበት። ካልገጠመና ክፍተቱ ከተፈቀደው ካለፈ ልኬቱ ይደገማል። ዘዴው ጥንቁቅ ነው፤ ጊዜ ግን ይበላል። ጂፒኤስ የያዘ ሰው በድንበሩ ዙሪያ አንድ ጊዜ ተራምዶ ስፋቱን ከመሣሪያው ያነባል። ነገር ግን እሱም ስህተት አለው፤ በትንሽ ማሳ ላይ ደግሞ ይከብዳል። ሃምሳ ሜትር በሃምሳ ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ ጎኑ ሁሉ በ2 ሜትር ቢረዝም ስፋቱ በ8 በመቶ ይሳሳታል። መቶ በመቶ ሜትር የሆነ ሄክታር በዚያው 2 ሜትር የሚሳሳተው በ4 በመቶ ነው።

ምርቱን ለመለካት በዕጣ በተመረጠ ቦታ 4 ሜትር በ4 ሜትር ይከለላል፤ ውስጡ ያለው ታጭዶ፣ ደርቆ ይመዘናል። አሥራ ስድስት ካሬ ሜትር የሄክታር አንድ ስድስት መቶ ሃያ አምስተኛ ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የአንድ ኪሎ ስህተት በሄክታር ከ6 ኩንታል በላይ ሆኖ ይወጣል። ከተከለለው ቦታ ገመድ ሥር ያለች አንዲት የበቆሎ አገዳ «ውስጥ ናት» ወይስ «ውጭ ናት» የሚለው ውሳኔም እንደዚያው ይባዛል። በእጅ የተለካ ሁሉ ትክክለኛ ነው ብሎ ማመንም ስህተት ነው፤ የተሻለ ልኬት ማለት ስህተቱ አነስተኛ የሆነ ማለት እንጂ ስህተት የሌለበት ማለት አይደለም።

ዝርያውም ከዚህ አያመልጥም። ቢኤች 660፣ ቢኤች 540 ወይም ሊሙ ተብሎ የተመዘገበ በቆሎ ሌላ ዝርያ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በተለይ ዘሩ ከጎረቤት የመጣ ወይም ከዓምና ምርት የተረፈ ከሆነ። የቤተሰብ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018/19 ዙሩ የበቆሎ፣ የገብስና የማሽላ ናሙናዎች በዘረመል ምርመራ እንዲለዩ ያደረገው ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ የት ነው?

ሶፍትዌር ፍለጋው ብዙዎች እንደሚፈሩት አስቸጋሪ አይደለም። በነፃም በክፍያም አለ።

ኤክሴል ብቻ ያለው ሰው እንኳ ባዶ እጁን አይደለም። ፍሪሽ ያሳየው አንድ ነገር አለ። ምርቱን በማዳበሪያው ላይ አስሎ የሚገኘው የመስመሩ ተዳፋት የታችኛው ወሰን ነው። ያንኑ ተዳፋት ኤክሴል አብሮ በሚያወጣው አር ስኩዌር (መስመሩ የሚያብራራው የምርት ልዩነት ድርሻ) ማካፈል ደግሞ የላይኛውን ወሰን ይሰጣል። አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ካለና ስህተቶቹ በዘፈቀደ ከሆኑ እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው። ተዳፋቱ 6፣ አር ስኩዌሩ 0.5 ከሆነ እውነቱ ከ6 እስከ 12 ይሆናል። በእርሻ መረጃ ግን አር ስኩዌሩ 0.2 መሆኑ የተለመደ ነው፤ ያኔ ወሰኑ ከ6 እስከ 30 ይሰፋል፤ ለውሳኔ የሚረዳም አይሆንም። በሁለቱም ዘንግ ያለውን ስህተት የሚያገናዝበው የዴሚንግ ሪግሬሽንም በኤክሴል በእጅ ሊሠራ ይችላል። የሁለቱን ተለዋዋጮች ቫሪያንስ፣ ኮቫሪያንሳቸውንና የሁለቱን ስህተቶች ንጽጽር፣ በድምሩ አራት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል።

ስታታ ያለው ተመራማሪ «ኢአይቪሬግ» የተባለ ትእዛዝ በፕሮግራሙ ውስጥ ያገኛል። የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ የታማኝነት መጠን ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው ካልነገረው 1 ነው ብሎ ይወስዳል፤ ማለትም እንደ ተለመደው ሪግሬሽን ይሆናል። ሚኒታብና ጃምፕ ኦርቶጎናል ሪግሬሽን የሚባለውን በሜኑአቸው ይዘዋል። በላቦራቶሪ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው ግራፍፓድ ፕሪዝም የዴሚንግን ዘዴ ያካትታል፤ ሁለት የደም ስኳር መለኪያ መሣሪያዎች እኩል ያነባሉ ወይ የሚለው የሆስፒታል ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ነው። ኤስፒኤስኤስ በተራ ሜኑው የዴሚንግ ቁልፍ የለውም፤ ሁለት ደረጃ ሊስት ስኩዌር የተባለውን ግን ይሠራል።

ነፃ የሚፈልግ አር ወደተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሂድ። ቴሪ ቴርኖ ያዘጋጀው «ዴሚንግ» የተባለ ጥቅል ከስሙ ዘዴ በተጨማሪ ፓሲንግና ባብሎክ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡትን ዘዴም ይዟል። «ኢአይቪቱልስ» ብዙ ተለዋዋጭ ላለበት ሪግሬሽን ያገለግላል። «ሲሜክስ» ኩክና ስቴፋንስኪ በ1994 ያመጡትን ብልሃት ይተገብራል። ሶፍትዌሩ በመረጃው ላይ ሆን ብሎ ተጨማሪ ስህተት ይጨምራል፤ ስህተቱ በእጥፍ ሲጨምር መስመሩ በምን ያህል እንደሚተኛ ይመለከታል፤ ከዚያ አካሄዱን ወደ ኋላ ቀጥሎ ስህተቱ ዜሮ ቢሆን መስመሩ የት ይቆም እንደነበር ይተነብያል። ዝርያን ለመሰለ የምድብ ስህተትም የሚሆን ዓይነት አለው። ፓይተን የለመደ ሰው «ሳይፓይ» ውስጥ ሲካተት በቆየው ኦዲአር መጠቀም ይችላል፤ መሠረቱ በ1980ዎቹ በፎርትራን የተጻፈው ኦዲአርፓክ ነው።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠራ አንድ ተግባራዊ ነገር ይጠቀሳል። የአር ጥቅሎች ኢንተርኔት ባለበት ከተማ እንደ ተጨመቀ ፋይል ወርደው በፍላሽ ሊወሰዱ፣ ቡሬ ላይ ያለ ግንኙነት ሊጫኑ ይችላሉ። አንዱ ጥቅል የሚደገፍባቸውን ሌሎች ጥቅሎች አብሮ ማውረድ ግን ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጭነቱ መሃል ላይ ይቆማል።

ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው

እነዚህ ሁሉ ፕሮግራሞች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቃሉ። ስታታ የታማኝነት መጠኑን፣ ዴሚንግ የስህተቶቹን ንጽጽር፣ ሲሜክስ የስህተቱን መጠን ካልተነገራቸው ትክክለኛ እርማት አይሰጡም። ይህ የፕሮግራመሮቹ ስንፍና አይደለም። ኖርዌያዊው ኦላቭ ራየርሶል እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳረጋገጠው፣ እውነተኛው ተለዋዋጭና ስህተቶቹ ሁሉ በኖርማል ሥርጭት የሚሄዱ ከሆነ ከነጥቦቹ ብቻ ተነሥቶ እውነተኛውን መስመር ማወቅ በሒሳብ አይቻልም። መረጃው ቢበዛም፣ ኮምፒውተሩ ቢፈጥንም ከውጭ የሚመጣ አንድ ዕውቀት የግድ ነው።

ዕውቀቱ የሚመጣው ደግሞ ከማሳው ነው። ከመቶ ማሳ ሃያው ሁለት ጊዜ በተለያዩ ሰዎች ቢለካ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልኬት መካከል ያለው ኮሪሌሽን ራሱ የታማኝነት መጠኑ ግምት ነው። ወይም የእያንዳንዱ ጥንድ ልዩነት ስኩዌር ተደርጎ ይደመራል፤ ድምሩ ለጥንዶቹ ብዛት እጥፍ ሲካፈል የስህተቱ ቫሪያንስ ይገኛል። ሃያ ማሳ ከሆነ ለ40 ማለት ነው። ይህን ለመሥራት ካልኩሌተር ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት ዓይነት መለኪያ መጠቀም ነው። የአማራ ክልል ለዚህ የተመቸ ነገር አለው። በመጀመሪያው ዙር የመሬት ምዝገባ አርሶ አደሮች የያዙት አረንጓዴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የሰፈረው ስፋት በአብዛኛው በገመድ የተለካ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው የሁለተኛ ደረጃ ልኬት የማሳው ካርታ ከአየር ወይም ከሳተላይት ፎቶ ተነሥቷል። አንዱ ይዞታ ሁለት ስፋት አለው፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ፤ የስህተታቸው ምንጭ ግን የተለያየ ነው። አንዱን በሪግሬሽኑ ውስጥ አስገብቶ ሌላውን እንደ መሣሪያ ተለዋዋጭ መጠቀም፣ ማለትም በሁለት ደረጃ ሊስት ስኩዌር ማስላት፣ የስህተቱን መጠን ሳያውቁ መስመሩን ለማቅናት ያስችላል። ይህን ስታታም፣ አርም፣ ኤስፒኤስኤስም ይሠሩታል። ቅድመ ሁኔታው የሁለቱ ልኬቶች ስህተት እንዳይያያዝ ነው። አርሶ አደሩ «ሦስት ጥማድ» ያለው ደብተሩ ላይ ያለውን አስታውሶ ከሆነ የእሱ ግምትና ደብተሩ ሁለት ልኬት አይደሉም፤ አንድ ናቸው።

ወጥመዶችም አሉ። ኦርቶጎናል ሪግሬሽን ቁልፍ ስላለው ብቻ ሲጫን የሁለቱ ዘንግ ስህተት እኩል ነው ብሎ ይነሣል። ምርቱ ከኩንታል ወደ ኪሎ ሲቀየር ይህ ታሳቢ ትርጉሙ ስለሚለወጥ መስመሩም ይለወጣል፤ አንድ ጥናት በኩንታል አንድ፣ በኪሎ ሌላ መደምደሚያ ሊኖረው አይገባም። ሬይመንድ ካሮልና ዴቪድ ሩፐርት እ.ኤ.አ. በ1996 ያስጠነቀቁት ሌላ ነገር አለ። የበቆሎ ምርት ከማሳ ማሳ የሚለያየው ሚዛን ስለተሳሳተ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ፣ አፈሩ፣ አረሙና የዘር ጊዜው ስለሚለያይ ነው። ያንን ልዩነት ረስቶ የሚዛኑን ስህተት ብቻ ለዴሚንግ መንገር መስመሩን ከሚገባው በላይ ያቆመዋል። ያለ እርማት ጥቅሙ ያንሳል፤ በተሳሳተ እርማት ጥቅሙ ይጋነናል።

ደግሞም እስካሁን የተነገረው እርማት ሁሉ የሚሠራው ስህተቱ በዘፈቀደ ሲሆን ነው። የትንሽ ማሳ ባለቤት ሁልጊዜ አብዝቶ፣ የትልቁ ሁልጊዜ አሳንሶ የሚናገር ከሆነ ስህተቱ ከእውነቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ 6ን ለ0.75 ማካፈል ያኔ ከእውነት ሊያርቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው የተወሰኑ ማሳዎችን በተሻለው መሣሪያ ለክቶ ግምቱ ከልኬቱ በምን መንገድ እንደሚለይ ማጥናት፣ ከዚያም የቀረውን በዚያ ማቃናት ነው። ባለሙያዎች ካሊብሬሽን ይሉታል።

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስም ሆነ በባሕር ዳር ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚፈለግበት ትንሽ ነው። ቅጹን ሲያዘጋጅ ከአምስት ማሳ አንዱ ሁለት ጊዜ እንዲለካ በዕጣ ይምረጥ። ሁለተኛውን የሚለካው ሌላ ሰው ይሁን፤ የመጀመሪያውን ቁጥር አይየው። ማዳበሪያው ለየትኛው ማሳ ስንት ኪሎ እንደገባ ለየብቻ ይጠይቅ፤ «ለበርበሬው ያደረግሁት» የሚለው የሚገኘው ያኔ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተለመደውን መስመርና የታረመውን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ የታማኝነት መጠኑንም ይጻፍ። አማካሪውና ፈታኙም «ስንት ሰው ጠየቅህ?» ከማለታቸው በፊት «ስንቱን ደግመህ ለካህ?» ይበሉት። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በመጪው መኸር ለናሙና የሚያጭዷቸውን ማሳዎች ጥቂቱን ደግመው መዝነው ልዩነቱን ከሪፖርታቸው ጋር ያያይዙት። አር በነፃ ይገኛል፤ ደግሞ መለካት ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ በቆሎው ከማሳ ሳይነሣ መደረግ አለበት።